አስምንና የሳንባ ካንሰርን የሚያምታቱ ስህተቶች

ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና ደረት መጨነቅ በሁለቱም በሽታዎች ይታያሉ። መለያው አካሄዳቸው ነው፦ አስም ይነሣል፣ ይተዋል፤ ካንሰር ግን ካልታከመ እየባሰ ይሄዳል።

1. ሲር ሲር የሚል ትንፋሽን ሁሉ አስም ማለት። በአስም ጊዜ የሁለቱም ሳንባዎች የአየር ቧንቧዎች ስለሚጠቡ ድምፁ ግራና ቀኝ ይሰማል። ሌሊትና ንጋት ላይ ይብሳል፤ አቧራ፣ ጭስ፣ ብርድ ወይም ጉንፋን ይቀሰቅሰዋል። ዕጢ አንዱን ቧንቧ ሲያጠብ ግን ድምፁ ከአንድ ቦታ ብቻ ይመጣል፤ ቢያስሉም አይጠፋም። ከ40 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «አስም ነው» የተባለ አጫሽ ይህ ሳይጣራለት መድኃኒት ይዞ መሄድ የለበትም።

2. «መድኃኒቱ ካሻለኝ አስም ነው» ማለት። ብዙ ጊዜ የሚያባክነው ይህ ነው። ፕሬድኒሶሎን (እብጠት የሚቀንስ ስቴሮይድ መድኃኒት) በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ቀንሶ ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል፤ ዕጢው ግን እዚያው ነው። አስምን ለማረጋገጥ የሚረዳው ስፓይሮሜትሪ የተባለው የትንፋሽ ልኬት ነው። በሙሉ ኃይል ሲተነፍሱ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር ይለካል፤ የአየር ቧንቧን የሚከፍተው የሚሳብ መድኃኒት፣ ሳልቡታሞል፣ 400 ማይክሮግራም (በአንድ ፓፍ 100 ማይክሮግራም ከሚሰጠው 4 ፓፍ) ይወሰድና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። በአዋቂ ላይ ልኬቱ ቢያንስ በ12 በመቶና በ200 ሚሊ ሊትር ከጨመረ አስምን ይደግፋል። በደህና ቀን ከተለካ ግን ለውጥ ላይታይ ስለሚችል፣ ሕመሙ ሲነሣ መድገም ያስፈልጋል።

3. ደም የቀላቀለ አክታን «ስላሳለኝ ነው» ብሎ ማለፍ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢታይም ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው። ቲቢም ሊሆን ስለሚችል የአክታ ምርመራና ራጅ ያስፈልጋል። ያለምክንያት መክሳት፣ የማይለቅ የድምፅ መጎርነን፣ የትከሻ ወይም የደረት ሕመም፣ አንድ ቦታ ላይ የሚመላለስ የሳንባ ምች፣ ከ3 ሳምንት ያለፈ ሳልም እንዲሁ ያስመረምራሉ።

4. ራጁ ንጹሕ ስለሆነ መተው። ትንሽ ዕጢ ከልብ ወይም ከጎድን አጥንት ጀርባ ሊሸሸግ ይችላል። ምልክቱ ከቀጠለ ሲቲ ስካን ይታዘዛል፤ ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው ግን ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው።

5. «አላጨስም፣ አይነካኝም» ማለት። ማጨስ ዋናው መንስኤ ቢሆንም ራዶን የተባለ ከመሬት የሚወጣ ጨረር አመንጪ ጋዝ፣ አስቤስቶስ የተባለ ቃጫማ ማዕድንና የሌሎች ሰዎች የሲጋራ ጭስም ያመጡታል።

6. አዲስ ምልክትን በአሮጌ አስም ማሳበብ። አስም ያለበት ሰው ካንሰርም ሊይዘው ይችላል። ሳሉ ጠባዩን ከለወጠ ወይም ፓፉ እንደ ቀድሞው ካልረዳ፣ ለሐኪሙ «አስሜ ባሰ» ብቻ ሳይል ምን እንደተለወጠና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይንገር።