ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት ፕሮሰሰሩን እንዴት ታያላችሁ (ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች)

ደሴ ፒያሳ ወይ ኮምቦልቻ ሞባይል ቤት ገብታችሁ "ጥሩ ስልክ አሳየኝ" ስትሉ ሻጩ የሚነግራችሁ ካሜራውን፣ ባትሪውንና ራሙን ነው፣ የስልኩ አንጎል የሆነውን ፕሮሰሰሩን (ቺፑን) የሚያነሳ ብዙም የለም። ግን ስልኩ ከአመት በኋላ ይንቀራፈፍ አይንቀራፈፍ፣ ቪዲዮ ስትቀርፁበት ይጋል አይጋል፣ ባትሪው እስከ ማታ ይድረስ አይድረስ ከሚወስኑት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ እሱ ነው። በተለይ ለተማሪ የምትገዙ ከሆነ በደንብ እዩት፣ ያ ስልክ ቶሎ አይቀየርማ።

በመጀመሪያ እነማን እንደሚፎካከሩ እወቁ። እኛ ገበያ ላይ ባሉት አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ በብዛት የምታገኙት ሶስት ነው፣ ስናፕድራገን የሚሰራው የአሜሪካው ኳልኮም፣ ሂሊዮና ዳይመንሲቲ የሚሰራው የታይዋኑ ሚዲያቴክ፣ እና የቻይናው ዩኒሶክ። ሳምሰንግ ኤክሲኖስ የሚባል የራሱ አለው ግን ለብዙ ስልኮቹ ከሌሎቹም ይገዛል፣ አፕል ደሞ ለራሱ ብቻ ነው። ሚዲያቴክ ድሮ የርካሽ ስልክ ቺፕ እየተባለ ይናቅ ነበር፣ ግን ለስልክ አምራቾቹ ቺፑን ከነዲዛይኑ ከነሶፍትዌሩ አዘጋጅቶ ስለሚሰጣቸው ብዙ ርካሽ ስልክ በሱ ተሰራ፣ በፈረንጆቹ 2020 ሶስተኛው ሩብ አመት ላይ በሸጠው የስልክ ቺፕ ብዛት ኳልኮምን በልጦ አንደኛ ወጣ። አሁን ዩኒሶክ በዛው መንገድ ከስር እየገፋው ነው። ይሄ ፉክክር ለኛ ጥሩ ነው፣ ስልክ የረከሰው በሱ ነው። ግን ሶስቱም ደካማ ቺፕም ሻል ያለ ቺፕም አላቸው፣ ስለዚ "ስናፕድራገን ከሆነ አይንህን ጨፍነህ ግዛ" የሚላችሁን አትስሙ።

እሺ ሱቅ ገባችሁ። የስልኩን ሙሉ ስም ጠይቁ፣ አንዷ ፊደል ትለያለች። ጋላክሲ ኤ05 ውስጡ ሂሊዮ ጂ85 ነው፣ ኤ05ኤስ ግን ስናፕድራገን 680። ጋላክሲ ኤ15 ባለ 4ጂው ሂሊዮ ጂ99 ሲሆን ባለ 5ጂው ዳይመንሲቲ 6100 ፕላስ ነው። ሴቲንግ ገብታችሁ አባውት ፎን የሚለውን ክፈቱና ሞዴሉን ጎግል ላይ ፈልጉት፣ ሻጩ ከፈቀደ ደሞ ሲፒዩ-ዜድ የሚባለውን አፕ ከፕሌይ ስቶር አውርዱ፣ ሲከፈት የመጀመሪያው ገፅ ላይ ቺፑን ይነግራችኋል። ፎርጅድ ስልክ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚጋለጠው፣ ሴቲንጉ ላይ የተፃፈውና አፑ የሚያሳየው አይገጥምም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ስሙን ካገኛችሁ በኋላ ምኑን ታያላችሁ? "ኦክታ ኮር ነው" ቢሏችሁ አትደነቁ፣ ዛሬ ርካሹም ውዱም አንድሮይድ ማለት ይቻላል ስምንት ኮር ነው። ኮር ማለት ቺፑ ውስጥ ስራውን የሚሰራው ክፍል ነው፣ መታየት ያለበት የኮሩ አይነት ነው። ሂሊዮ ጂ37ን ውሰዱ፣ ስምንቱም ኮር ኮርቴክስ ኤ53 ነው፣ ኤ53 ደሞ በ2012 ይፋ የሆነ ባትሪ ለመቆጠብ የተሰራ ትንሽዬ ኮር ነው። ሂሊዮ ጂ99 ግን ሁለት ኤ76 የሚባሉ ትልልቅ ኮሮች አሉት፣ የቀሩት ስድስቱ ናቸው ትንንሽ። የጂ37 ፍጥነት 2.3 ጊጋኸርዝ ተብሎ ይፃፋል፣ የጂ99 2.2፣ ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል፣ እጃችሁ ላይ ስትይዙት ግን ጨርሶ አይገናኙም ምክንያቱም አፕ ሲከፈት ስራው ለስምንቱ እኩል አይከፋፈልም፣ አንዱ ወይ ሁለቱ ናቸው የሚለፉት። ጂ85ና ዩኒሶክ ቲ606 መሀል ላይ ናቸው፣ ሁለት ሁለት ኤ75 አላቸው፣ ለቴሌግራምና ለዩቲዩብ በቂ ነው ጌም ለሚጫወት ግን አልመክርም። ኤስሲ9863ኤ የሚል የዩኒሶክ ቺፕ ካያችሁ እኔ ብሆን ለልጅም አልገዛውም፣ 28 ናኖሜትር ነው (ናኖሜትር የቺፑን አሰራር ረቂቅነት የሚነግር ቁጥር ነው)፣ በጣም ያረጀ አሰራር ነው።

ናኖሜትሩ ሲያንስ ቺፑ ለተመሳሳይ ስራ ትንሽ ባትሪ ይበላል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ጂ99ና ስናፕድራገን 680 ሁለቱም 6 ናኖሜትር ናቸው፣ ጂ85 12 ነው። 680 ከጂ99 ይዘገያል ግን ባትሪ ላይ ጎበዝ ነው፣ ጌም የማይነካ ሰው ይደሰትበታል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ይሄን አጥብቃችሁ እዩ፣ ሐረጎን ቁልቁል ስትወርዱ አየሩ ምን ያህል እንደሚለወጥ ታውቁታላችሁ፣ ቺፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እና ደሴ ብርድ ላይ ሲፈተን ደህና የነበረ ስልክ ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ሊንቀራፈፍ ይችላል። የስክሪኑን ብርሀን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጉና አስር ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ቅረፁበት፣ ከዛ ጀርባውን ዳስሱ፣ ወዲያው ሌሎች አፖችን ክፈቱና ስታክ ያደርግ እንደሆነ እዩ።

"ይሄ 16 ጂቢ ራም ነው ወንድሜ" ከተባላችሁ "ስንት ሲደመር ስንት?" በሉት። 8 ሲደመር 8 ከሆነ እውነተኛው ራም 8 ነው፣ ሌላው ከስቶሬጁ የተበደረ ነው፣ ስቶሬጅ ደሞ ከራም በጣም ይዘገያል። በአዲስ ስም የሚመጣ የቆየ ቺፕም አለ፣ ስናፕድራገን 685 ማለት ፍጥነቱ ትንሽ ከፍ ያለ 680 ነው፣ ሂሊዮ ጂ100ም ከጂ99 ብዙም አይርቅም፣ ለቁጥሯ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

ዩዝድ ፍላግሺፕ (የአንድ ብራንድ ምርጥና ውድ ስልክ) የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ስናፕድራገን 888ና 8 ጄን 1 ሳምሰንግ ፋብሪካ የተመረቱ ናቸው፣ በሙቀት ይታማሉ። ኳልኮም በ2022 ምርቱን ወደ ታይዋኑ ቲኤስኤምሲ አዙሮ 8 ፕላስ ጄን 1ን ሲያወጣ ነው ነገሩ የተሻሻለው፣ ስለዚ ዋጋቸው ከተቀራረበ ፕላስ ያለበትን ውሰዱ፣ ብር ካነሰ ስናፕድራገን 870 ያለውን ፈልጉ፣ እሱም የቲኤስኤምሲ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ኮከብ መሰላል 06 መሰላል (*#06#) ደውሉና የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር (IMEI) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት።