ቅድመ አያትን ፍለጋ፦ ቆጠራ በሌለበት አገር

እንግሊዞች ታድለዋል። ከ1841 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ስም መዝግበዋል። እኛ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ቆጠራ ያካሄድነው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ በዮሐንስ ዘመን የተወለደ ሰው እዚያ ውስጥ አይገኝም። የእኛ መዝገብ ሽማግሌው ነው፣ እሱ ደግሞ ነገ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሂዱና ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅዱ። "በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለደ?" ብላችሁ ግን አትጠይቁ፣ ማን ያውቀዋል? ይልቅ "በክፉ ቀን ልጅ ነበር ወይስ ጎልማሳ?"፣ "አድዋ ዘምቷል?" በሉ። ከብቱ ያለቀበት ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1885 ነው፤ አድዋ 1888፣ የኅዳር በሽታ 1911። አክስቴ ግማሽ ቀን ሙሉ "ኧረ እኔ ምን አውቄ" ስትለኝ ቆይታ፣ የኅዳር በሽታን ሳነሳባት "ያኔማ እናቴን አዝሎ ነው ቆላ የሸሸው" አለች። አያቴ በ1911 የምትታዘል ሕፃን ነበረች ማለት ነው። አዛዩ አባቷ፣ የእኔ ቅድመ አያት፣ ያኔ 30 ቢሆነው ክፉ ቀን ላይ ገና ልጅ ነበር።

ቀጥሎ ርስት። ጎጃምና ጎንደር ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር፣ መሬት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ መቁጠር ነበረበት፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪመጣም በዚሁ ሲካሰስ ኖሯል። የአያት ሳጥን ውስጥ የተጣጠፈ የክርክር ወረቀት ካገኛችሁ እንዳትጥሉት! ግን ሙሉ በሙሉም አትመኑት። መሬት ለማግኘት ሲባል አንድ ሁለት ትውልድ መዝለል ወይ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ መንጠልጠል ያለ ነው። ሁሉም ቤተሰብ ደግሞ ደጃዝማች አያት አለው፣ ገበሬው የት እንደገባ እንጃ።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። ቤተሰቡ ካሳ የሚለውን ሰው ካህናቱ በክርስትና ስሙ ወልደ ሥላሴ ይሉታል፤ ዘማች ከነበረ ደግሞ የፈረስ ስምም ሊኖረው ይችላል። እኔ አንዱን ሰው ሁለት ወንድማማች አድርጌው ስድስት ወር ተንከራትቻለሁ።

የቆዩ ደብሮች ወንጌል ኅዳጉና ባዶ ገጹ ላይ የመሬት ሽያጭና ስጦታ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍበት ነበር። ካሜራ አንግቶ ከመድረስ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪ ማናገር ነው፣ ሽማግሌ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይሻላል። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየም ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሱ ብዙ ብራናዎችን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያሳያል፤ መመዝገብ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አለ።

የወንዶቹን መስመር ስትጨርሱ ስለ ሚስቶቹ ጠይቁ። "እሷማ የእገሌ ልጅ ናት" ብለው ያልፏችኋል። የራሷን ስም እስኪነግሯችሁ ከወንበሩ አትነሱ፤ ያ ሁሉ የተካሰሱበት መሬት በእሷ በኩል የመጣ ሊሆን ይችላል።