ወታደሮች ጭንቀት ልብ ውስጥ እንዳይቀር የሚያደርጉት ልምምድ
ከግዳጅ በፊት ጀምራችሁ ልመዱት፣ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ አዲስ ነገር መማር በጣም ይከብዳል። መጀመሪያ ትንፋሽ፦ በአፍንጫ 4 ሰከንድ ሳቡ፣ 4 ያዙ፣ በ4 አውጡ፣ 4 ቆዩ፣ የአሜሪካ ወታደሮችም ይሄንኑ ይሰለጥናሉ። ከዛ ጡንቻን አጥብቆ ማላላት፣ ይሄን ዘዴ ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው ያመጣው፣ ቡጢያችሁን 5 ሰከንድ አጥብቃችሁ ጨብጡና ባንዴ ልቀቁት፣ ጣታችሁ ላይ ሙቀት ይሰማችኋል፣ እሷን ልዩነት ነው ልብ ማለት ያለባችሁ፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ መንጋጋ (ብዙ ሰው ጥርሱን ነክሶ እንደሚውል እንኳን አያውቀውም)፣ ሆድ፣ እግር። ማታ ማታ 10 ደቂቃ ስጡት። ዘብ ላይ ግን አይን ጨፍኖ አይሆንም፣ ትንፋሹን ብቻ ስሩ። ዋስትና አይደለም በርግጥ፣ ቅዠቱና ድንጋጤው ከወር በላይ ካልለቀቃችሁ ሳታፍሩ ሐኪም አናግሩ፣ ብቻችሁን ከከበዳችሁ ጓደኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ።