“እሱማ እንደ አባታቸው ነው” እና ሌሎች ልጆችን ዋጋ የሚያስከፍሉ ስህተቶች

በእርዳታ ድርጅቶች ውስጥ ሴፍጋርዲንግ የምንለው ነገር ቀላል ነው፤ ልንረዳው የመጣነው ሰው በእኛው እጅ እንዳይጎዳ ማድረግ ነው። ፖሊሲው በየቢሮው አለ። ሠራተኛ ሲቀጠር ይፈርምበታል፤ ወረቀቱም ፋይል ውስጥ ይገባል። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ቅጥሩን እንይ። “እሱማ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ለልጆቹ እንደ አባታቸው ነው” ይባላል። ልጆችን የሚያጠቃ ሰው ብዙ ጊዜ በሰው የተወደደ ነው። ልጆቹን ብቻ ሳይሆን እኛንም አስቀድሞ ያለማምደናል። ያለ ክፍያ ያመሻል፣ ከረሜላ ይዞ ይመጣል፣ “እኔ በባጃጅ ላድርሳት” ይላል። ይህን የሚያደርግ ሁሉ ወንጀለኛ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ደግ ስለሆነ ደንቡ አይመለከተውም ማለት አይቻልም። አዋቂ ከልጅ ጋር በር ዘግቶ ብቻውን አይቀመጥም። ሥራ አስኪያጁም፣ ቄሱም፣ ከውጭ የመጣው ስፖንሰርም።

ከወንጀል ነጻ የሚለው የፖሊስ ማስረጃ ብቻውን አይበቃም። የሚነግራችሁ ፖሊስ ጋ የተመዘገበውን ብቻ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤም ያው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሚጽፈው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ነው። ስለ ጠባዩ አታገኙበትም። ስልክ አንሱና የቀድሞ አለቃውን ጠይቁ፦ “ልጆች ያሉበት ቦታ መልሰህ ትቀጥረዋለህ?” ካመነታ እሱም መልስ ነው።

አሁን በጣም ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጥፋት ሲገኝ በዝምታ መሸኘት።

አንድ የማውቀው ድርጅት አንዲት ታዳጊን ያስቸገረ ሠራተኛውን “በራሱ ፈቃድ ለቀቀ” ብሎ ሸኘው። ቡና ተፈልቶለት፣ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ነው የሄደው። ምክንያቱ “ለጋሾች ከሰሙ ድርጅቱ ይዘጋል፤ ሌሎቹ ልጆች የት ይወድቃሉ?” የሚል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ከተማ የሚገኝ የልጆች ማዕከል ሥልጠና ልሰጥ ሄድኩ። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ማስታወሻ ሲይዝ አገኘሁት። ያ የሽኝት ቡና የተጠጣው በእነዚህ ልጆች ዕዳ ነው። ፋይሉ ንጹሕ፣ ማስረጃው ንጹሕ፣ ሁሉም ነገር ንጹሕ ነበር። ንጹሕ ያደረግነው እኛ ነን፤ የእርዳታው ዓለም ሰዎች።

የድርጅት ስም በዝምታ አይጠበቅም። ወሎ ውስጥ ጃሪ በሚባለው ቦታ በነበረ የልጆች መንደር ኃላፊ የነበረ የውጭ ዜጋ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወንዶች ልጆችን አጥቅቷል። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዓመት የፈረደበት ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ልጆቹ ያንን ሁሉ ጊዜ ተሸክመውት ኖሩ። እ.ኤ.አ. ከ2010ሩ የሄይቲ ርዕደ መሬት በኋላ ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች የፈጸሙት ወሲባዊ በደል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ሲወጣም አንዱ ያስቆጣው ነገር የቡድኑ ኃላፊ በሰላም ለቅቆ ሌላ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ መቀጠሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የአመልካቹን የቀድሞ አሠሪዎች ስለ ወሲባዊ ጥፋት በቀጥታ የሚጠይቁበትና የሚመልሱበት አሠራር ዘርግተዋል። አነስተኛው የአገር ውስጥ ማኅበርም ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ስልክና ትንሽ ድፍረት ነው።

የዝምታው የቅርብ ዘመድ ሽምግልና ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ለእናትየው ገንዘብ ይሰጣል፣ “ገመናችሁን ሸፍኑ” ይባላል። ባስ ሲልም “ያግባት” ይባላል። ሽምግልናን አከብራለሁ። ለድንበር ጠብና ለባልና ሚስት ኩርፊያ ስንቱን ቤት አትርፏል። በልጅ ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ግን የግል አቤቱታ የሚጠበቅበት ወንጀል አይደለም። ቤተሰቡ ታረቀም አልታረቀም ክሱ የመንግሥት ነው። በድሮው የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ይድን ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ያ ቀርቷል። አደራ የተቀበለ ሰው ሲያጠፋ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ድርጅት ሆናችሁ ዕርቁ ላይ ከተቀመጣችሁ ከአጥፊው ጎን ነው የተቀመጣችሁት።

ሌላው ልጁን ደጋግሞ መጠየቅ ነው። ሞግዚቷ ትጠይቀዋለች፣ ሶሻል ወርከሩ ይጠይቀዋል፣ ከዚያ ሥራ አስኪያጁ፣ ከዚያ ቦርዱ። በአምስተኛው ላይ የልጁ ቃል ይለወጣል። ያኔ “ይዋሻል” ይሉታል። እናንተ መርማሪ አይደላችሁም። አዳምጡ፣ “ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ” በሉት፣ በራሱ ቃላት ጻፉ፣ “ለማንም አልናገርም” ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ። ቀሪው የፖሊስ የሴቶችና ሕጻናት ክፍል ሥራ ነው።

ስብሰባ እየጠራችሁ ሰዓት አትግደሉ። ከመደፈር በኋላ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። ልጁን አታጥቡት፤ ልብሱንም አትጠቡት። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ሌላ ከተማ ከሆናችሁ የቅርባችሁ የት እንደሆነ ዛሬውኑ አጣሩና ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ቁንጥጫና ኩርኩም “ማሳደግ” አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆችን በሚያሳድጉ ተቋማት ውስጥ አካላዊ ቅጣትን ይከለክላል። በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

ፎቶ ግን ያነጋግራል። በበዓል ሰሞን ማዕድ ለማጋራት ቤተሰብ ይመጣል፤ ከአሜሪካ የመጡ ልደታቸውን ከልጆቹ ጋር ያከብራሉ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ይምጡ። ማታ ግን የልጅቷ ፊት፣ ስሟ፣ ማዕከሉ ያለበት ሰፈር፣ “እናቷ በኤችአይቪ የሞተችባት” ከሚል ጽሑፍ ጋር ቲክቶክ ላይ ይለጠፋል። ልጅቷ ነገ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ጓደኞቿም ስልክ አላቸው። እንግዳው በር ላይ ስልኩን ያስቀምጥ። የሚከፋው ይከፋው።

አዋቂዎቹንም እንረሳለን። ከአረብ አገር ተጎድታ የተመለሰች እህት መጠለያ ከገባች ገና ሳምንት ሳይሞላት ለጎብኚዎች “ታሪክሽን ንገሪ” ትባላለች። እምቢ ብትል ትራሷን የምታጣ ይመስላታል፤ ስለዚህ እሺ ማለቷ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። ዓይነ ሥውር አዛውንት ሳይነበብላቸው አሻራ ያስቀምጣሉ። የአንዳንዶቹ ጡረታ ደግሞ “እኔ እይዝላቸዋለሁ” ባለ ሠራተኛ እጅ ይቀራል። የአእምሮ ሕመምተኛው ሲያማርር “ሕመሙ ነው” ተብሎ ይታለፋል። ሕመምተኛ መሆኑ መደብደቡን ውሸት አያደርገውም።

በመጨረሻ የአቤቱታ ሳጥን። ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ነው፤ ቁልፉም እሱ ጋ ነው። መጻፍ የማይችል የስድስት ዓመት ልጅ ምን ያድርገው? ልጆቹን አንድ በአንድ “ክፉ ነገር ቢገጥምህ ለማን ትነግራለህ?” ብላችሁ ጠይቋቸው። በየሄድኩበት ብዙዎቹ የሚጠሩት ወጥ ቤት የምትሠራዋን እትዬን ነው። እሷ ግን ሥልጠና ላይ ተጠርታ አታውቅም። በሚቀጥለው ሥልጠና ምግቡን ከውጭ አስመጡና እሷን ከፊት ወንበር አስቀምጧት።