የድሮ ማሆጋኒ ዕቃ የማን ሥራ እንደሆነ በስልክ ባትሪ ማወቅ

የእንግሊዝ የድሮ የማሆጋኒ እንጨት ባለመሳቢያ ቁምሳጥን ካገኛችሁ፣ የሠሪውን ስም ፍለጋ ወዲያው ጀርባውን አታገላብጡ። መጀመሪያ የላይኛውን መሳቢያ ሳቡና የፊት እንጨቱን የላይ ጠርዝ እዩ። መሳቢያው ሲዘጋ የሚደበቀው ቀጭኑ ጠርዝ ማለቴ ነው። በእንግሊዝ የላንካስተር ከተማ የነበረው የቤት ዕቃ ሠሪ ድርጅት ጊሎውስ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ ስሙን ብዙ ጊዜ ይመታ የነበረው እዚያ ላይ ነው።

ችግሩ ፊደሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ በዚያ ላይ ሰምና እድፍ ይሞላቸዋል። ፊት ለፊት ብታበሩባቸው ጭራሽ ይጠፋሉ። ስለዚህ ክፍሉን ጨለም አድርጉና የስልካችሁን ባትሪ ወደ እንጨቱ አስጠግታችሁ ከጎን አብሩ። ስሙ በብረት ተመትቶ የገባ ስለሆነ ጎድጓዳው ጥላ ይጥላል፣ ፊደሉም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እዚያው ፎቶ አንሱት።

ቁልፉ ላይ ያለ ስም ግን እንዳይሸውዳችሁ። «ብራማ» የሚል ካያችሁ የቁልፍ ሠሪው ነው፣ የአናጢው አይደለም። ቢሆንም ይጠቅማል፦ ብራማ ለቁልፉ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1784 ነው። ቁልፉ ካልተቀየረ ዕቃው ከዚያ በፊት አልተሠራም።

ማህተም የለውም ብላችሁ ደግሞ አትናቁት። አብዛኞቹ የዘመኑ እንግሊዛውያን አናጢዎች ስም አይመቱም ነበር። የታላቁ ቶማስ ቺፐንዴል ሥራዎች እንኳ በዋናነት የሚለዩት በቆዩ ደረሰኞችና ደብዳቤዎች ነው። እና እባካችሁ፣ ፊደሉ ይጥራ ብላችሁ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈገፍጉት!