«ሆርሞን ነው» ከማለታችን በፊት

ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ዘመዴ ድካም በዛበትና «ይሄ ሆርሞን ነው» አለ። ምሳውን በልቶ፣ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቶ ደሴ ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የወንድ ሆርሞን የሚባለውን ቴስቶስትሮን ተለካ። «ዝቅ ብሏል» ተባለ። ወንድነቱን ግማሹን ጥሎት የመጣ ይመስል አንገቱን ደፍቶ እኛ ቤት ገባ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ሰዓት አለመጠበቅ። ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ስለዚህ ከጠዋቱ አንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚለካው፤ ቢቻል ምግብ ሳይቀመስ። ዝቅ ቢል እንኳ በሌላ ቀን ጠዋት ይደገማል እንጂ በአንድ ወረቀት መድኃኒት አይጀመርም። ዘመዴ እኛ ቤት አደረ። በማግስቱ ጋቢውን እንደደረበ ሲለካ ደህና ሆነ። (የደሴን ብርድ እየረገመ ነው የሄደው፤ አልፈርድበትም።) የድካሙ መነሻ ለካ የሌሊት ፈረቃው ኖሯል።

ሴቶች ዘንድ ደግሞ ከሰዓቱ ይልቅ ቀኑ ነው የሚያሳስተው። እንቁላል መውጣቱን ለማወቅ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን የሚለካው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ 7 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ዑደቷ 28 ቀን ከሆነ 21ኛው ቀን ላይ ማለት ነው። 35 ቀን ለሚቆይባት ግን 28ኛው ቀን ነው። ይህን ሳትጠይቅ በ21ኛው ቀን ተለክታ «እንቁላል የለሽም» ተብላ ያለቀሰች ጎረቤት አለችኝ።

በጣም የሚያናድደኝ የመርፌው ነገር ነው። ሰውነት ለማሳበጥ ጂም ውስጥ ቴስቶስትሮን የሚወጉ ልጆች አሉ። ልጅ እንቢ ያላቸው ባሎችም «ያጠነክራል» ተብለው ይወጋሉ። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ቆለጥ ዘር የሚያመርተው ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የሚባሉ ሆርሞኖችን ስትልክለት ነው። ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ እጢዋ «በቂ አለ» ብላ መላኩን ትተዋለች። ያኔ ቆለጥ ይኮማተራል፤ ዘሩም ይቀንሳል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ሲያቆሙ አብዛኞቹ ላይ ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዱ ላይ ከዓመት በላይ ይፈጃል። ልጅ ፈልጎ ይህን መርፌ መወጋት እህል ዘርቶ ውሃውን መዝጋት ነው።

ከዚሁ ሳንወጣ፦ ልጅ ሲዘገይ ሴቷን ብቻ ማመላለስ። እኛ ሰፈር አቦል ሳይወርድ «አሁንም የለም?» የምትባለው ሚስት ናት። ባልየውን የሚጠይቀው የለም። ችግር ከገጠማቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ ግን የወንዱም ድርሻ አለበት። የወንድ ዘር ምርመራ ደግሞ ቀላል ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ። ያለ መከላከያ ዓመት ከሞላ፣ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ 6 ወር ካለፈ፣ ሁለቱም አብረው ይሂዱ።

ኢስትሮጅን የሴት፣ ቴስቶስትሮን የወንድ ብቻ የሚመስለውም ብዙ ነው። የሴቷ ኦቫሪ (እንቁላል የሚወጣበት እጢ) ቴስቶስትሮን ይሠራል። የወንድ አጥንትም ያለ ኢስትሮጅን ይሳሳል።

የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወስድ ሴት የወር አበባዋ ሲቀር «ደሙ ውስጤ ተጠራቀመ» ትላለች። የሚጠራቀም ደም የለም። የማህፀኗ ሽፋን ስለሚሳሳ የሚፈሰው ነገር ይጠፋል፣ በቃ። መታወቅ ያለበት ሌላ ነው፤ መርፌውን ካቆሙ በኋላ እርግዝና ወራት ሊዘገይ ይችላል። ቶሎ ለመውለድ ያሰበች ቀድማ ሌላ ዘዴ ትጠይቅ። ይዘገያል ብላ ቀጠሮዋን የምታሳልፍ ደግሞ ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች።

የመጨረሻውን ከአክስቴ ነው ያየሁት። ካረጠች አራት ዓመት ሆኗታል። አንድ ቀን ቡና ላይ «ልጅነቴ ተመለሰ፣ ደም አየሁ» ብላ ሳቀች፤ ሴቶቹም አብረው ሳቁ። የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ከቀረ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ በሐኪም መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ ቀላል ምክንያት አለው፤ ግን የማህፀን ካንሰር የመጀመሪያ ምልክትም ሊሆን ይችላል። ቶናው ሳይወርድ ጫማዋን አስለበስናት።