ድምፅ የሚሰበርበትን ቦታ ማለፍና የድምፅን ዓይነት መለየት

አንድ ዘፋኝ ከዝቅተኛ ኖታ ወደ ከፍተኛ ሲወጣ ድምፁ በድንገት የሚሰበረው ተሰጥኦ ስለጎደለው ሳይሆን የድምፅ አውታሮቹ አሠራራቸውን ስለሚቀይሩ ነው። በደረት ድምፅ (በዝቅተኛ ኖታዎች በሚወጣው ወፍራም ድምፅ) ሲዘፈን አውታሮቹ አጥረውና ወፍረው ይርገበገባሉ፤ በራስ ድምፅ (በከፍተኛ ኖታዎች ከጭንቅላት የሚወጣ በሚመስለው ቀጭን ድምፅ) ግን ተለጥጠው ይሳሳሉ። ብዙ ሰዎች ይህ ለውጥ የሚገጥማቸው ከመካከለኛው ዶ (በፒያኖ መካከል አካባቢ ካለው የዶ ኖታ) ጥቂት ከፍ ብሎ ባሉት ኖታዎች ላይ ነው።

እዚህ ቦታ ላይ ጉልበት መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል። ይልቁንም በለስላሳ «ኡ» ከራስ ድምፅ ተነሥተው፣ ድምፁን ሳያቋርጡ ቀስ እያሉ ወደ ታች ያንሸራትቱ፤ የሚሰበረው ኖታ አጠገብ ሲደርሱም ትንፋሽዎን ሳይገፉ የድምፅዎን መጠን ይቀንሱ። መንገዱ ሲለሰልስ ያንኑ ከታች ወደ ላይ ይሞክሩት፤ «አ» የሚለውን አናባቢ ወደ «ኦ» ጠጋ ማድረግም ሽግግሩን በእጅጉ ያቀልለዋል። ጉሮሮዎን ካመመዎት ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ለሳምንታት የማይለቅ መጎርነን ደግሞ በሐኪም መታየት አለበት።

ሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ)፣ አልቶ (ዝቅተኛ የሴት ድምፅ)፣ ቴነር (ከፍተኛ የወንድ ድምፅ) ወይም ባስ (ዝቅተኛ የወንድ ድምፅ) መሆንዎን ለማወቅ አንድ ጊዜ የነኩትን ከፍተኛ ኖታ መለኪያ አያድርጉ። የሚበልጠው መስፈርት ሳይደክሙ ረጅም ጊዜ የሚዘፍኑበት ክልል ሲሆን፣ የድምፁ ቀለምና ሽግግሩ የሚገኝበት ቦታም አብረው ይታያሉ። በመዘምራን ቡድን ባሪቶን (በቴነርና በባስ መካከል ያለ የወንድ ድምፅ) ወደ ቴነር ወይም ወደ ባስ የሚመደበው ቡድኑ ብዙውን ጊዜ በአራት ድምፅ ስለሚከፈል ነውና፣ ምደባውን እንደ መጨረሻ ፍርድ መቀበል አያስፈልግም። በተለይ ድምፃቸው ገና በመለወጥ ላይ ያለ ወጣቶችን በአንድ ስም ለማሰር መቸኮል ተገቢ አይደለም።